ሌሊት መብራቱ የማይጠፋ ቤት

ነገሩ የጀመረው ባልገባኝ ቀልድ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከሥራ ቡድኔ ጋር የኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የቡድኑ ግማሽ ያለው አሜሪካ ነው፤ የኛ ማታ የእነሱ ጠዋት ነው። አንድ ሰርቨር ላይ ማንም ያልነካው ፋይል በየሌሊቱ እየተቀየረ አስቸግሮን ስለነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ ያጣሁትን ነገር እያስረዳሁ ነው። ንግግሬን ሳልጨርስ አንዱ አሜሪካዊ ባልደረባችን በአፉ «ቲኖ ኒኖ፣ ቲኖ ኒኖ» የሚል ዜማ አሰማ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በምን እንደሳቅኩ ግን አላውቅም።

በሰው ቋንቋ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ቋንቋ መሳቅ ሌላ ነው። ስንት ዓመት በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስጽፍ፣ ኮድ ስገመግም፣ ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ ቀልድ ላይ ስደርስ ግን አሁንም እንግዳ ነኝ። ስብሰባው እንዳለቀ ለብቻው ጻፍኩለት። «ያ ዜማ ምንድን ነው?»

«እንዴ! ‹ዘ ትዋይላይት ዞን›ን አይተህ አታውቅም?»

አላየሁም። በማግስቱ «ከእነዚህ ጀምር» ብሎ የወደዳቸውን ክፍሎች ዝርዝር ላከልኝ።

ለማያውቀው ልንገር። «ዘ ትዋይላይት ዞን» ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1964 ያሳየው ተከታታይ ፊልም ነው። «ተከታታይ» ያልኩት ለልማድ ነው እንጂ የሚከታተል ነገር የለውም። 156ቱም ክፍሎች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ትናንት የሞተ ሰው ዛሬ አይታወስም፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። የሚያያይዛቸው አንድ ሰው ነው፣ ሮድ ሰርሊንግ። በመጀመሪያው ሲዝን ድምፁን ብቻ እንሰማለን ማለት ይቻላል። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ሱፉን ለብሶ፣ ብዙ ጊዜ ሲጋራውን እንደያዘ፣ ካሜራው ፊት ይቆማል። ጥቂት ነገር ተናግሮ ይሄዳል። የቀረው የተመልካቹ ዕዳ ነው።

ስሙን በአማርኛ ሳስበው ወደድኩት። ትዋይላይት ማለት ጀንበር ጠልቃ ጨለማው ገና ያልሞላበት፣ እኛ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የምንለው ሰዓት ነው። የሚመጣው ሰው ዘመድ ይሁን ባዳ የማይለይበት ሰዓት። አያቴ ብትሰማ ግን አትስማማም ነበር። እሷ ልጆች ሳለን የምታስፈራራን በቀትር ነው። ጋኔን የሚወጣው ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ሰዓት ነው ትለን ነበር። ይቺን የአያቴን ነገር ያዙልኝ።

*

የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት ዓርብ ማታ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው የሚያወሩት ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ንቄው ነበር። እኛ በኮምፒዩተር የተሠራ ጭራቅ በኮምፒዩተር የተሠራ ከተማ ሲያፈርስ እያየን ያደግን ልጆች ነን። ከ60 ዓመት በላይ ያለፈው ፊልም ምን አድርጎ ሊያስደነግጠኝ ነው?

«ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» እንደማለት ነው ርዕሱ። ኦክቶበር 2 ቀን 1959 የታየ ነው። የአየር ኃይል ቱታ የለበሰ ሰው አንዲት ትንሽ ከተማ ይገባል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ቡና ተጥዷል፣ ሙዚቃ ይጫወታል። ሰው ግን የለም። ሰውየው ከቤት ቤት እየዞረ ይጣራል፣ ይሮጣል፣ ሊያብድ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ከተማ የሚባል ነገር እንዳልነበረ እናውቃለን። ለጨረቃ ጉዞ ሲያዘጋጁት 484 ሰዓት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ዘግተውበት፣ ብቸኝነቱ የፈጠረለት ከተማ ነው። ጋጋሪን ጠፈር ሊወጣ ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረው ነበር።

መሃል ላይ ገምቼው ስለነበር ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ አደረግሁት። ኤክሴል ከፍቼ ሦስት ዓምድ ሠራሁ፦ የክፍሉ ስም፣ የእኔ ግምት፣ ትክክለኛው መጨረሻ። አሥር ደቂቃ ላይ ፊልሙን አቁሜ ግምቴን እጽፋለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ። መሐንዲስነት አንዳንዴ በሽታ ነው።

መጨረሻውን ስለምነግራችሁ ይቅርታ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ወንጀል አይመስለኝም። የባንክ ገንዘብ ከፋዩ ሄንሪ ቤሚስ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። አለቃውም ሚስቱም አያስነብቡትም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ካዝናው ክፍል ውስጥ ተደብቆ ሲያነብ ቦምብ ይወድቅና ከተማው ይጠፋል። እሱ ብቻ ይተርፋል። ቤተ መጻሕፍቱ ሙሉውን የእሱ ሆነ። በየወሩ የሚያነበውን ደረጃው ላይ ደርድሮ ጨርሶ፣ አንዱን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ወድቆ ይሰበራል። ይህን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ከሚዞሩ ቀልዶች አውቀው ነበር። ግን ማወቅና ማየት ለካ ይለያያል። ፊልሙ ሲያልቅ መነጽሬን አውልቄ በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አልኩ።

«ብቸኛው» የሚባለው ላይ ተሸነፍኩ። ኮሪ የሚባል እስረኛ አንድ ባዶ አስትሮይድ ላይ ብቻውን ታስሯል። ስንቅ የሚያመጣለት ካፒቴን አዝኖለት አንድ ጊዜ ሴት የምትመስል ማሽን ያመጣለታል። መጀመሪያ ይጠላታል። በኋላ ይወዳታል። ከዚያ ምሕረት ተደረገልህ፣ ወደ ምድር ተመለስ ይባላል፤ ነገር ግን መርከቧ ላይ ይዞ መሳፈር የሚችለው ሰባት ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ብቻ ነው። አልሄድም፣ እሷም ሰው ናት ሲል ካፒቴኑ ሽጉጡን አውጥቶ ፊቷን ይመታታል። ሽቦ ነው። እኔ የጻፍኩት ግምት «ማሽኗ ትገድለዋለች» የሚል ነበር። በዘመናችን ስንቱ ሰው ሌሊቱን ከማሽን ጋር ሲያወራ እንደሚያድር እያወቅሁ፣ የማሰበው ግን አሁንም ማሽኑ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ሰርሊንግ የጠየቀው ስለ ሰውየው ነው።

«ወራሪዎቹ» ላይም ወደቅሁ። ይህኛውን የጻፈው ሪቻርድ ማቲሰን ነው። አግነስ ሙርሄድ ገጠር ብቻዋን የምትኖር ሴት ሆና አንድም ቃል ሳትናገር ትጫወታለች። ጣራዋ ላይ ትንሽ የበረራ ሣህን ያርፍና ጣት የሚያክሉ ፍጡሮች ያጠቋታል። እየጮኸች፣ እየቆሰለች፣ ታሸንፋቸዋለች። መጨረሻ ላይ ካሜራው የመርከቧን ጎን ሲያሳየን የአሜሪካ አየር ኃይል የሚል ጽሑፍ አለ። ግዙፏ እሷ ናት፤ ጥቃቅኖቹ ወራሪዎች እኛ ነን። ለ25 ደቂቃ «እነሱ» እያልኩ ያየኋቸው እኛ ነበርን።

ኤክሴሌ ላይ ቀዩ ከአረንጓዴው እየበለጠ ሄደ። እኔ የፊልሙን ዘዴ ነበር የምገምተው። ሰውየው የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

*

ስለዚህ ሰውየውን ፈለግሁት።

ሰርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1924 የተወለደ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ቢንግሃምተን በምትባል ከተማ ያደገ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓራሹት ወታደርነት ፊሊፒንስ የዘመተ ሰው ነው። ሲመለስ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ በሄደበት ተገደለ። የተከሰሱትን ሁለት ነጮች፣ ሁሉም ነጭ የሆኑ የሸንጎ አባላት በነጻ አሰናበቷቸው። በኋላ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው መግደላቸውን ለመጽሔት ተናገሩ።

ሰርሊንግ ከዚህ ተነሥቶ የቴሌቪዥን ድራማ ጻፈ። ታሪኩን እሱ ራሱ አስቀድሞ አለዝቦት ነበር፤ አልበቃም። ስፖንሰሩ የደቡብ ነጮች ይቆጡብኛል ብሎ ፈራ። እ.ኤ.አ. በ1956 ድራማው ሲተላለፍ ታሪኩ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ኒው ኢንግላንድ ተዛውሯል። ተገዳዩ ማንነቱ በውል የማይታወቅ የውጭ አገር ሰው ሆኗል። የኮካ ኮላ ጠርሙስ እንኳ «ደቡብን ያስታውሳል» ተብሎ እንዳይታይ ተደርጓል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ድራማ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ቆራረጡበት።

ከዚያ ገባው። መሬት ላይ የማይፈቀድ ንግግር አስትሮይድ ላይ ይፈቀዳል። «ትዋይላይት ዞን» ሊጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለጋዜጠኛው ማይክ ዋላስ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ከእንግዲህ ከስፖንሰር ጋር መታገል የማይፈልግ፣ የተሸነፈ ሰው መስሎ ነው የሚናገረው። ከዚያ ሄዶ ከ156ቱ 92ቱን ራሱ ጻፈ።

እኛ ለዚህ ነገር ስም አለን፤ ሰምና ወርቅ። ስፖንሰሮቹ ያዩት ሰሙን ነው። የቆርቆሮ መርከብ፣ የጎማ ጭንብል፣ የልጆች ጨዋታ። ወርቁ በየሳምንቱ በየቤቱ ገባ።

*

ዝርዝሩ መሃል ላይ «ጭራቆቹ ሜፕል ጎዳና ሊደርሱ ነው» የሚል ክፍል አለ። ማርች 4 ቀን 1960 የታየ ነው። የጻፈው ራሱ ሰርሊንግ ነው።

ቅዳሜ ወደ ማታ ነው። ልጆች ይጫወታሉ፣ አይስክሬም ሻጭ ቆሟል። ልክ 6:43 ላይ፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ43 ደቂቃ፣ ሰማይ ላይ ጉርምርምታ ይሰማና ብልጭታ ያልፋል። መብራት ይጠፋል። ስልክ ይዘጋል። መኪና አይነሣም። እኛ ሰፈር ቢሆን ልጆቹ «መጣ!» ብለው እስኪጮሁ ሻማ አብርቶ መጠበቅ ነው። እነሱ ግን አልለመዱትም።

ቶሚ የሚባል ልጅ ካነበበው የኮሚክ መጽሐፍ ተነሥቶ፣ ከጠፈር የሚመጡት አስቀድመው ሰው የሚመስል ቤተሰብ ይልካሉ ይላል። ትልልቆቹ ሊስቁ ይሞክራሉ። ቃሉ ግን ተዘርቷል። የሌስ ጉድማን መኪና ሰው ሳይነካት በራሷ ትነሣለች። የእሱ ብቻ ለምን? አንዲት ጎረቤት ደግሞ ሌሊት ሌሊት ደጅ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አይቼዋለሁ ትላለች። ሰውየው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው ይላል። ማን ይስማው? ስቲቭ የሚባለው አስተዋይ ሰው ሊያረጋጋቸው ሲሞክር፣ አንተስ ቤትህ ውስጥ ማንም ያላየው ሬዲዮ ትሠራ የለም ወይ ይሉታል።

አቁሜ ግምቴን ጻፍኩ። «ጭራቁ ስቲቭ ነው። በጣም ስለተረጋጋ።»

ቀጠልኩ። ይጨልማል። ከመንገዱ ጫፍ አንድ ጥላ ወደ እነሱ ይመጣል። ቻርሊ የሚባለው ጠመንጃ ቀምቶ ይተኩሳል። የወደቀው ፒት ቫን ሆርን ነው፤ የሚቀጥለው ሰፈር መብራት እንዳለ ሊያይላቸው ሄዶ የነበረው የገዛ ጎረቤታቸው። ወዲያው የቻርሊ ቤት መብራት በራሱ ይበራል። አሁን ደግሞ ተረኛው እሱ ነው። ድንጋይ ሲወረወርበት ለማምለጥ ጣቱን ልጁ ቶሚ ላይ ይቀስራል። መብራቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዘላል፣ ጣቱም አብሮ ይዘላል። መጨረሻ ላይ ካሜራው ወደ ኮረብታ ይወጣል። እዚያ ሁለት የጠፈር ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንደኛው ለሌላኛው አሠራሩን ያስረዳል። ጥቂት ማሽን አጥፋ፣ ጥቂት አብራ፣ የቀረውን እነሱ ራሳቸው ይጨርሱታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መንገድ እንሄዳለን።

ኤክሴሌን አየሁት። «ጭራቁ ስቲቭ ነው» ይላል። ሰርሊንግ እኔንም አስቀስሮኝ ነበር።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን እሱ አይደለም። ሌስ ጉድማን ነው። ሌሊት የማይተኛው ሰው። ያንን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሆኜው ነበር። ከዚያ ደግሞ ቻርሊን ሆንኩ።

*

2014 ዓ.ም.፣ ኅዳር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። አዲስ አበባ ውስጥ ነዋሪው ተደራጅቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተነግሯል። እኛ ሰፈርም ማታ ማታ ዱላና ባትሪ የያዙ ሰዎች ይዞሩ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ሁልጊዜ «እንዴት ዋልክ» የምንባባል ሰው ነው። ፈርተው ነበር። ሁላችንም ፈርተን ነበር።

አራት ክፍል ያለው ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሌሊት ነው የምሠራው፤ መብራቴ እስኪነጋ አይጠፋም። አንድ ማታ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ሶፍትዌር ነው።»

«ለማን?»

«ለውጭ ድርጅት።» አፌ ላይ እያለች ነው መጥፎ መልስ መሆኗን ያወቅኋት።

«ይሄ የሚያብለጨልጨውስ?» አለ ሌላው፣ ባትሪውን ራውተሩ ላይ አብርቶ። ከዚያ ብርሃኑን መልሶ ፊቴ ላይ አደረገው። ስለ ራውተር ማስረዳት ጀመርኩ። ምን ያህል ቃል በእንግሊዝኛ እንደተናገርኩ ለራሴ ሲሰማኝ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«እኔ እኮ ሥራዬ ነው። እዚያ ጥግ ያለውም ልጅ ሌሊት አይተኛም። የስንት ሰው ስልክ እሱ ጋ ነው።»

ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኝ ነበር። ቀን ሱቅ ተጋርቶ ይሠራል፣ የተረፈውን ማታ ቤቱ ያመጣዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የተፈታታ ስልክ አይጠፋም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የኔንም ስልክ ስክሪን የቀየረልኝ እሱ ነው፤ የዕቃውን ብቻ ነው ያስከፈለኝ።

«ማን ይባላል?» አሉኝ።

ስሙን ነገርኳቸው። ሲሰሙት ተያዩ። ያ መተያየት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ስሙን ከመናገሬ በፊት አውቅ ነበር።

ባትሪው ከፊቴ ላይ ተነሥቶ ወደ ግቢው ጥግ ዞረ። ያ ብርሃን ከፊቴ ሲነሣ የተሰማኝን እፎይታ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሙቀት ነበረው፤ ብርድ ቆይተው ሻይ እንደሚጠጡት ያለ።

ስልኮቹን በፌስታል አድርገው ይዘውት ሄዱ። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ጠይቀውት፣ ምንም ስላላገኙበት ለቀቁት። አከራያችን እትዬ ቡና አፈሉለት፤ እኔም ተጠርቼ ጠጣሁ። «ተመስገን፣ በሰላም መጣህ» አልኩት። «ተመስገን» አለኝ። ወር ሳይሞላው ቤቱን ለቀቀ። «ለሥራ ስለራቀኝ ነው» ብሎ ለእትዬ ነገራቸው። ፍራሹን ተሸክሜ መኪና ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ።

*

የሰርቨሩ ነገር ደግሞ አለ። ሜፕል ጎዳናን ባየሁ በሳምንቱ ተፈታ። በየሌሊቱ ፋይሉን የሚቀይረው፣ ከስምንት ወር በፊት ለአንድ ቀን ብዬ የጻፍኩትና ማጥፋት የረሳሁት ትንሽ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ጭራቁ እኔ ነበርኩ። ቡድኑ ሳቀ፤ በዚህኛው ቀልድ እኔም ገብቶኝ ሳቅኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ሙያችን ጥሩ ልማድ አለው። ቁጭ ብለን ሰነድ እንጽፋለን። ሰነዱ ውስጥ የማንም ስም አይጠራም። «ማን አበላሸው?» አይባልም፤ «አሠራራችን ይህ እንዲሆን እንዴት ፈቀደ?» ነው የሚባለው። ብልህ ልማድ ነው። ሰው ጣት እንደማይቀሰርበት ካወቀ እውነቱን ይናገራል። የሜፕል ጎዳና ሰዎች ይህን ጥያቄ ቢያውቁት ፒት ቫን ሆርን ቤቱ ይገባ ነበር። መብራቱ ለምን ጠፋ ብለው የጠየቁት ትንሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በሙሉ «ማን?» ሆነ።

ስለዚህ ለራሴም እንደዚያ ያለ ሰነድ በልቤ ጻፍኩ። ጊዜው ክፉ ነበር። ሰዎቹ ፈርተው ነበር። ልጁ 25 ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ሌሊት ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰነዱ ውስጥ አንድ መስመር ይጎድላል፤ ማንም ሰው ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም ነበር። የጠየቁኝ ስለ ራውተር ነው። የጎረቤቴን ነገር ያነሣሁት በራሴ ነው።

አያቴ ልክ ነበረች። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አይደለም። ፊቴ ላይ ባትሪ በርቶ፣ የማደርገው ነገር ቁልጭ ብሎ እየታየኝ ነው ያደረግሁት።

ኮረብታው ላይ ያሉት ሁለቱ እኮ ያደረጉት ማብሪያ ማጥፊያ መንካት ብቻ ነው። ጠመንጃውን አላቀበሉም፣ ድንጋይ አልወረወሩም። ሰርሊንግ እነሱን ያሳየን ጥፋቱን በእነሱ ላይ ጥለን እንድንተኛ አይመስለኝም። ካሜራው ወደ ኮረብታው ሲወጣ ሁላችንም እፎይ እንላለን፤ አሃ፣ ለካ እነሱ ናቸው። ያቺን እፎይታ አውቃታለሁ። ከፊቴ ላይ ብርሃን ሲነሣ የተሰማችኝ ናት።

*

ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ስክሪን ሊቀይርልኝ ሲል የሰጠኝ። ሁለት ሳምንት እያየሁት ቆየሁና አንድ እሑድ ደወልኩ። አነሣው። አወቀኝ።

«ኧረ ወንድሜ! አለህ እንዴ? እትዬ ደህና ናቸው?»

እኔም እንደለቀቅሁ፣ እትዬ ደህና እንደሆኑ ነገርኩት። እሱ አግብቷል። የራሱ ሱቅ አለው። ስለ ስልክ ዋጋ መወደድ አወራን። ከዚያ ዝም አልኩ። «ሄሎ? ኔትወርኩ ነው እንዴ?» አለ። ኔትወርኩ አልነበረም። ነገርኩት። ስለ ፊልሙ አልነገርኩትም፤ ስለዚያ ማታ ብቻ። የተናገርኩትን ቃል በቃል ነገርኩት።

መልሶ ዝም ያለው እሱ ነው። ከበስተጀርባው ሱቁ ውስጥ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«ተወው» አለኝ በመጨረሻ። «ያ ሰሞን ነው።»

«ሰሞኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።

እንደገና ዝም አለ። «እሺ» አለ ከዚያ። «እሺ። ሰማሁ።» ደንበኛ መጥቶበት ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የሱ ጉዳይ ነው። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ከጀመራችሁ ጀምሮ ስለ አንድ አሮጌ የአሜሪካ ፊልም ሳወራችሁ የቆየሁት ወደዚህች ስልክ ለመድረስ ነው። ሰምና ወርቅ ለካ ከገዢና ከስፖንሰር ለመደበቅ ብቻ አይደለም። ከራስም መደበቂያ ነው።

ኤክሴሉን አጥፍቼዋለሁ። ፊልሙን አሁንም አያለሁ፤ ገና ብዙ ክፍል ይቀረኛል፣ መገመት ግን ትቻለሁ።

ዛሬም ሌሊት ነው የምሠራው። አሁን ያለሁበት ኮንዶሚኒየም ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እንደኔ መብራቱ የማይጠፋ አንድ መስኮት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ላፈላ ስነሣ አየዋለሁ። አንዳንዴ አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል። ማን እንደሆነ አላውቅም። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ይሆናል።